የጎደለችው «አ»

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ታደለ የበደለኝ ጎንደር ውስጥ አብረን በሠራንበት የመጨረሻው ዓመት ነው። ለገጠር ጤና ኬላዎች የክትባት ማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያ እናዘጋጅ ነበር። ንድፉ የእኔ ነው። መልእክቱ አንድ ቦታ ይጻፋል፤ ከዚያ በስልኩ፣ በግድግዳው ሰሌዳና በማቀዝቀዣው በር ላይ ባለችው፣ በባትሪ በምትሠራው ትንሽ የጽሑፍ መስኮት እንደየመጠናቸው ይወጣል። ታደለ ሥራችንን ሊያዩ ለመጡ እንግዶች ንድፉን የራሱ አድርጎ አስረዳ። እኔን ሲያስተዋውቅ፣ «እትዬ አልማዝ ደግሞ ፊደል አራሚያችን ናቸው» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን የበሩን መስኮት ስፈትሽ አየሁት። መብራት ሲጠፋ «አይክፈቱ» ማለት ነበረባት። የምትይዘው ግን አራት ፊደል ነውና የፊተኛውን ቆርጣ «ይክፈቱ» አለች። አየሁ። ማረም ምን ያህል ሥራ ነበር? ምንም። ንድፉ የእሱ ከሆነ ስሕተቱም የእሱ ይሁን ብዬ ተውኩት። እንዲያፍር ብቻ ነበር የፈለግሁት። ወይስ ዛሬም ራሴን እያታለልኩ ነው?

መሣሪያው ኮሶዬ አካባቢ ተተከለ። መብራት በጠፋ ዕለት ዘነበች የምትባል የጤና ሠራተኛ በሩን ከፍታ ተወችው። ክትባቱ ሞቆ ተበላሸ። ልጆቻቸውን አዝለው ዳገቱን የወጡ እናቶች ሳያስከትቡ ተመለሱ። መብራቱ ሲመጣ ጽሑፉ ከመስኮቷ ስለጠፋ ዘነበችን የሚያምናት አልተገኘም። ቢሯችን ተጠርታ መጣች።

«ይክፈቱ አለኝ፣ ከፈትኩ። ምነው፣ ከዚህ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ማሽኑማ ደኅና ጽፏል፤ አንባቢ ጠፍቶ ነው እንጂ» አለ ታደለ።

ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ።»

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ደኅና ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። እውነቱን ብናገር ቀድሜ ማየቴ ይታወቅብኝ ነበር። ታደለን ላዋርድ የተውኳት አንዲት ፊደል እሱን ሳትነካው ዘነበችን ከሥራዋ አስወጣች። ማንበብ የማትችል ተብላ ሄደች፤ ያነበበችው ግን የተጻፈውን ነበር።

ታደለ በድሎኛል፤ ያንን ዛሬም አልተውለትም። ዘነበችን የበደልኩ ግን እኔ ነኝ። ይቅርታዋ በእናንተ እጅ ስላልሆነ ከእናንተ አልለምንም።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ቢሮ ገባሁ። «አይክፈቱ» የሚለውን አጥፍቼ «ዝጉት» ብዬ ጻፍኩ። በስልኩም፣ በሰሌዳውም፣ በመስኮቷም ላይ ሳይቆረጥ ወጣ። ለማንም አልተናገርኩም።