የቤልጅግ ንግሥት ልጆች

የሴቶቹ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የእርጥብ ፍራሽ ሽታ ነው። አራስ ልጄን እህቴ እጅ ላይ ጥዬ ነበር የተያዝኩት። ጡቴ አብጦ ወተቱ ቀሚሴን አርሶታል። ጥግ ላይ የነበሩ አሮጊት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ ምንም ሳይጠይቁኝ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው ደረቴን አሰሩልኝ።

እሜቴ እንላቸው ነበር፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ። ጥፋታቸው የመኳንንት ዘመድ መሆናቸው ነው። የእኔ ደግሞ በወታደሮቹ መንግሥት ላይ ወረቀት መበተን። ዘውድ ይውደቅ ብለን የጮህነውም፣ ዘውድ ያበላቸውም፣ አንድ ጣራ ሥር ታጎርን።

አመሻሽ ላይ ቆጠራ ሲያልቅ በየተራ እናወጋለን። የክፍሉ ሕግ አንድ ነው፦ ወሬው በተጀመረበት ቀን አያልቅም። ጭራው ለነገ ምሽት ይቀመጣል፤ ነገን የምንጠብቅበት ነገር እንዲኖረን።

የእሜቴ ተራ ሲደርስ የቤልጅግን ንግሥት አመጡልን። ልጅ ሳሉ ፈረንሳይኛ ያስተማረቻቸው ሴት ነግራቸው ኖሯል። ከስዊድን የተዳረች፣ የልጇን ጋሪ ራሷ እየገፋች የምትወጣ፣ ለድሆች ልብስ የምታሰባስብ ሴት ነበረች። ነግሣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ ንጉሡ ባሏ የሚነዳው መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሞተች። እኛ የዘውድ ጠላቶች፣ ለንግሥት አለቀስን።

ልጆቿስ ምን ሆኑ አልኳቸው።

“ነገ” አሉኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወታደር መጥቶ ስማቸውን ጠራ፤ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አለ። ያኔ ዕቃ ይዞ መውጣት ወደ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ወደማይመለሱበትም ሊሆን ይችላል። እሜቴ ተነሡ። የተቀደደውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ነጠላቸውን አጣፉ።

“ጥቂት ታገሠኝ ልጄ” አሉት፤ “ያልጨረስኩት ወሬ አለ።”

ለምን እንደታገሣቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጆቹ አደጉ። ሴቷ ሉክሰምበርግ ተድራ የገዢው መስፍን ሚስት ሆነች። ትልቁ ወንድ ነግሧል። እናቱ የሌለችለት ልጅም ያድጋል፣ ሰማሽኝ?”

ምሽቱን ሳይጠብቁ ሕጉን ሲጥሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ የነገረኝ የለም። እኔ ግን የእስር ዓመታቴን በዚያች ቃላቸው ገፋኋቸው።

ሰሞኑን እዚህ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ባለው አፓርታማችን ቴሌቪዥን ስከፍት ያ ትልቁ ልጅ ሞቷል ይላል። ልጅ ስላልነበረው ታናሽ ወንድሙ ነገሠ። አብሮኝ የሚያይ ሰው አማረኝ። ልጄ መኝታ ቤቷ ገብታ አክስቷን ኮል አድርጋ ትስቃለች። ከእስር ወጥቼ ስሰደድ እዚያው ቀርታ፣ እህቴ አሳድጋት ወደ እኔ የመጣችው አምና ነው። እህቴን እማዬ ትላታለች፤ እኔን በስሜ ትጠራኛለች። እሜቴ እውነታቸውን ነበር፣ አድጋለች። ያኔ ያቆመኝ ቃል አሁን ያንገበግበኛል።

ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሰውዬው ማነው አለችኝ። ቴሌቪዥኑን ዘጋሁና ከስዊድኗ ሙሽራ ጀመርኩላት። ብርጭቆዋን እንደያዘች የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ከመንገድ ሲወጣ አቆምኩ።

“ሶ፣ ልጆቹን ማን አሳደጋቸው?” አለች።

“ነገ እነግርሻለሁ።”

“ኦኬ” ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

የዚያን የእስር ክፍል ሕግ አታውቀውም። ነገ ከሥራ በጊዜ እገባለሁ።