ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን

ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ስለሆነ ነው።

አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው። በዓላትንና አጽዋማትን በቃላቸው እያሰሉ ስንቱን ደቀ መዝሙር አስተምረዋል፤ የፈረንጁን ዘመን ከኛው ጋር ማጋጠምም ያውቁበታል። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ታኅሣሥ መባቻ ላይ ቀኙም ከዳር በኩል ይጨልም ጀመር። ሐኪሙ የዓይናቸው ውስጠኛ ሽፋን እየተላቀቀ ነው፣ ህንድ ሄደው ቶሎ ካልታከሙ አይተርፍም አለን።

ቤተሰቡ ያዋጣውን ገንዘብ ካርድ ላይ አስሞላሁት። ካርዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥልጠና ናይሮቢ ስሄድ ባንክ የሰጠኝ፣ ውጭ አገር የሚሠራ ነው። ቪዛው እስኪመጣ የገና በዓል አለፈ።

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶብሱ ደጀን ላይ ቆመ። አባቴ «እስቲ ያንን ካርድ አሳይኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳበሱት።

«እዚህ ጋ ጎላ ጎላ ያለው ምን ይላል? አንብቢልኝ ልጄ።»

ሻጮቹ በየመስኮቱ ይጮኻሉ፤ እኔም ሌሊቱን አልተኛሁም። «አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ነገር አይደለም፤ ይረፉ» ብዬ ነጠቅኋቸው። ተቀበልኋቸው ብል ውሸት ነው።

ህንድ እንደ ደረስን የአየር ማረፊያው የገንዘብ ማሽን ካርዱን መለሰው። ሌላ ማሽን ሞከርሁ፤ እሱም መለሰው። ማሽኑን ሰደብሁና ወጣን። የያዝናት ጥቂት ጥሬ ዶላር ለታክሲና ለማደሪያ ነበረች።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ምርመራው አለቀ። ሐኪሟ «የሽፋኑ መሐል ገና አልተነካም፤ ዛሬ ይተኙና ነገ ጠዋት ይሠራላቸው» አለች። መጀመሪያ ግን መክፈል ነበረብኝ። ገንዘብ ተቀባዩ ካርዱን አስገባ፣ ደግሞ አስገባ፤ ከዚያ አዙሮ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ። 12/25።

«ምን ሆነ ታዲያ? ገና ሰባት ዓመት አለው» አልሁት በእንግሊዝኛ። እንደ እብድ አየኝ። ከጀርባው የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ 2026 ይላል።

የመድኃኒት ቀን በፈረንጅ እንደሚጻፍ በእንቅልፌም አውቃለሁ። ካርዱ ግን ማርቆስ የተሰጠኝ፣ የባንኩ ስም በአማርኛ የተጻፈበት ነው፤ ዓመቱም የኛ መሰለኝ። የሁለት ሺህ ሃያ አምስት ነሐሴ ብዬ አንብቤው ነበር። እኛ ገና አሥራ ስምንት ላይ ነን። ለካ ካርዱ ከአገር ሳንወጣ ሞቷል።

አገር ቤት ላለው ወንድሜ ደወልሁ። ባንኩ ተዘግቷል። በማግሥቱ እሑድ ከተራ፣ ሰኞ ጥምቀት። እሑድ ደግሜ ስደውል በስልኩ ውስጥ ከበሮና እልልታ ይሰማል፤ እሱ ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥምቀትን ጠላሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ባንኩ ከተከፈተ በኋላም ደብዳቤው፣ ፈቃዱ እየተባለ ገንዘቡ ሆስፒታሉ ዘንድ የገባው ሐሙስ ነው።

ለአባቴ «ወረፋ ነው» እያልሁ ዋሸኋቸው። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጥምቀቱን ዜማ በለሆሳስ ይሉ ነበር። ማክሰኞ ግን አላስችል አለኝና ሁሉንም ነገርኋቸው። ደጀን ላይ አንብቢልኝ ብዬሽ አልነበረም ወይ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «እህል ቀምሰሻል?» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ሲደረግ መሐሉም ተላቅቆ ነበር። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ መልኬን ግን አያዩትም።

ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ ሳይጠይቁኝ አነብላቸዋለሁ፤ ደረሰኙንም፣ የመብራት ቢሉንም። ትናንት አዲስ የዓይን ጠብታ አመጣሁና «እስከ ዘጠኝ፣ ሃያ ሰባት ይሠራል» አልኋቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። ተማሪያቸውን እንደሚጠይቁት አድርገው «በማን አቆጣጠር?» አሉኝ።

«በፈረንጅ፣ አባባ።»

«እንግዲያው በኛ የሁለት ሺህ ሃያ መስከረም ነው» አሉ። ለማስላት አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባቸውም።