ለባልና ሚስት ሒሳብ አንድ ምስክር

ሰው በባዕድ አገር ባንክ የሚመርጠው ወይ ለቤቱ ስለሚቀርበው ነው፣ ወይ የአገሩ ልጅ ስለመከረው። የምንተርክለት ብረት በያጅ ግን ባንክ የመረጠው በቅናት ነው። ቅናት ደግሞ ሌላ ሌላውን ክፋቱን ትተን ብናየው፣ ሰውን ጎበዝ ተማሪ ያደርጋል።

ነገሩ የተነሳው አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። የሚሠራበት የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለቃ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደሞዝ በእጅ መስጠት ቀርቶ በባንክ ብቻ እንደሚገባ ተናግሮ ነበር። በያጁ ይህንኑ ለሚስቱ ሲነግራት ሳህን እያጠበች ነበር፤ ዞር እንኳ አላለችም።

«ታዲያ ምን ችግር አለ? ሹፌሩን እንጠይቀዋለን» አለችው።

በያጁ የያዘውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው፤ ሲናደድ ነው እንደዚያ ቀስ የሚለው።

ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ የአገራቸው ልጅ ነው። ላጤ ነው፣ በዚያ አገር ብዙ ዘመን ቆይቷል፣ ቋንቋውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። የበያጁ ሚስት ከባሏ ሁለት ዓመት ቀድማ ስትመጣ ክፍል የፈለገላት እሱ፣ በጥርስ ክሊኒክ የጽዳት ሥራ ያስገባት እሱ፣ የባንክ ሒሳብ ያስከፈታትም እሱ ነው። በያጁ ሲመጣ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ ተቀብሎ ሻንጣውን ተሸክሞለታል። በያጁ ከልቡ አመሰገነው፤ የቀናበትም በዚያው ቀን፣ ሻንጣው መኪናው ላይ ሳይጫን ነው። ሹፌሩ አንዲት ጥፋት ብትኖርበት በያጁ በተገላገለ ነበር። ግን የለችበትም። ሳያንኳኳ አይገባም፣ ከገባም በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ የበያጁን ሚስት «እህቴ» ነው የሚላት። ሰው እንዲህ ያለውን ሰው በምን ይጣላዋል?

«ባንክም የሚያውቅልን እሱ ነው?» አለ በያጁ።

«የእኔን የከፈተልኝ እሱ አይደል? ደሞዝህ ለጊዜው በእኔ ይግባና ስምህን ያስጨምርልናል።»

«ያስጨምርልናል? በገዛ ሚስቴ ሒሳብ ላይ ትርፍ ሰው ልሆን ነው? አዎ፣ ሹፌር አይደል፣ ትርፍ መጫን ለምዶበታል።»

ሚስቱ ሳቀች። በኋላ ግን እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ ከፊቱ ተቀመጠች። «እሺ፣ አንተ ምረጥ። ከእኔ ባንክ የተሻለ ካገኘህ የእኔን ዘግቼ ካንተ ጋር እከፍታለሁ። ካላገኘህ ግን ሹፌሩን እጠራለሁ፤ እንደ ሕፃን አታኩርፍብኝ።»

እንዲህ ተዋዋሉ። በያጁም በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ፣ ከእጁ ላይ የብረት ሽታው ሳይለቅ፣ በስልኩ እያስተረጎመ ባንክ ሊማር ሄደ።

የተማረው ነገር ለማንም ይጠቅማልና ቀስ ብለን እንየው። በመጀመሪያ የገባው የሚስቱ ባንክ ነው፤ ትልቁ፣ ወለሉ የሚያንሸራትተው። ይህ ባንክ ገንዘብህን ስላስቀመጠልህ ብቻ በየወሩ ይቆርጥሃል። በያጁ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ሹፌሩ የመረጠው ባንክ ነዋ። ሁለተኛው ባንክ ሕንፃ የሚባል የለውም፣ የሚኖረው ስልክ ውስጥ ነው። ፊትህን ለስልኩ ታሳያለህ፣ መታወቂያህን ታሳያለህ፣ አለቀ፤ ወርሃዊ ክፍያም የለም። በያጁ ሊከፍት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ግን የአገሩ ልጅ የሆነው የወርክሾፑ ቀለም ቀቢ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብሎ አስቆመው። ገደሉ ምንዛሬው ነው። ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስትልክ የምትቆረጠው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በግልጽ የሚነግሩህ የመላኪያ ክፍያ ነው። ሁለተኛውን ማንም አይነግርህም፤ በምንዛሬው ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። በዕለቱ ገበያ ከሚመነዘረው ትንሽ አሳንሰው ይመነዝሩልሃል፣ አንተም «መላኪያው በነጻ ነው» እያልክ ትመርቃቸዋለህ። ይህ ነገር ለበያጁ እንደ አዲስ ብርሃን ነበር። ቀን ሲበይድ እንኳ ከጭንብሉ ሥር ለብቻው «በምንዛሬው ውስጥ! በምንዛሬው ውስጥ!» ይል ነበር አሉ።

ሦስተኛው ባንክ ከአትክልት ገበያው ጎን ያለች ትንሽ ባንክ ናት። ወንበሮቿ ያረጁ ናቸው፣ በሯ ሲከፈት ይጮኻል። ምንዛሬዋ ግን ከገበያው ብዙም አይርቅም፣ ባልና ሚስት በጋራ ለሚከፍቱት ሒሳብ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ አትጠይቅም። የምትጠይቀው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የአሠሪ ደብዳቤና የአድራሻ ማስረጃ ነው። በያጁ እዚህ ላይ ተያዘ። የቤት ኪራይ ውሉ በሚስቱ ስም፣ መብራቱ በሚስቱ ስም፣ ውኃውም በሚስቱ ስም ነው። በወረቀት ካየነው በያጁ የትም አይኖርም። ለብቻው ልክፈት ቢል አይችልም፤ ከሚስቱ ጋር ከሆነ ግን የእሷ አድራሻ ለሁለቱም ይሆናል። እሱም ለብቻው መክፈት አላማረውም። የፈለገው ባልነቱ የሚታይበት ሒሳብ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያስረዳት ሚስቱ አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማችው። «ሹፌሩ እኮ የምንዛሬውን ነገር አልነገረኝም» አለች መጨረሻ ላይ። በያጁ በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለውም።

ቀጠሮ ይዘው ሁለቱ ብቻ ሄዱ። መነጽር ያደረገች የባንክ ሠራተኛ ተቀበለቻቸው፤ ወረቀቶቹን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች። የሚስቱ ቋንቋ ለጥርስ ክሊኒክ ይበቃል፣ ለውል ግን አይበቃም። እንደምንም የተረዳችው፣ የሚፈርሙትን የሚያስረዳቸው ሰው ካልመጣ ውሉን መፈረም እንደማይችሉ ነው። በያጁ ወለሉን አየ።

«ልደውል?» አለችው።

«ሌላ ማን አለን?» አለ በያጁ ጥርሱን ነክሶ።

ሹፌሩ የዕረፍት ሰዓቱ ስለነበር ወዲያው ደረሰ። የሥራ ልብሱን ነበር የለበሰው፤ ክራባት ሳይቀር። በያጁ ክራባቱን ሲያይ የራሱን የሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለ። ሠራተኛዋ የሦስቱንም መታወቂያ ተቀብላ ደረደረች፣ አየች፣ ፈገግ አለች። ከዚያ አንዱን እስክሪብቶ ለሚስቱ፣ ሌላውን ለሹፌሩ ሰጠችና በያጁን ከኋላ ወዳለው ወንበር በእጇ አመለከተችው።

ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። በእነሱ አገር ባልና ሚስት የሚታወቁት በመጨረሻው ስም ነው፤ ሴቲቱ ስታገባ የባሏን ቤተሰብ ስም ትወስዳለች። የእኛ መታወቂያ መጨረሻው የአባት ስም ነው፣ ሴት ብታገባም ብትፈታም ከአባቷ ስም ጋር ትኖራለች። የሚስቱ አባትና የሹፌሩ አባት ደግሞ ተገጣጥመው አንድ ስም ነበራቸው፤ በየመንደሩ የሞላ ስም ነው። ሠራተኛዋ ሁለት አንድ ዓይነት ስም አየች፣ አንድ ክራባት አየች፣ ሒሳቡን ጨረሰች።

ሹፌሩ ፊቱ ቀላ። «የለም፣ የለም» አለ በአማርኛ፤ ደንግጦ ቋንቋው ጠፍቶበት ነው።

«ምን አለች?» አለ በያጁ።

«ምንም አይደለም፣ ተሳስታ ነው።»

«ምን ብላ?»

«ባልና ሚስት እኛ መስለናት ነው።»

«እናንተ?» በያጁ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። «ንገራት። ባሏ እኔ ነኝ በላት።»

ሹፌሩ ነገራት። ሠራተኛዋ ይቅርታ ጠይቃ የጋብቻ ወረቀት ጠየቀች። ወረቀቱ አገር ቤት ነው ያለው፣ አልተተረጎመም። እንግዲያው ምስክር ይበቃል አለች፤ በዚህ አገር ከአምስት ዓመት በላይ የኖረ፣ የሚያውቃችሁ፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው። ይህን ብላ ወደ ሹፌሩ ዞረችና ስሙን በጣቷ እየነካች ዘመድ እንደሆነ ጠየቀችው።

ሹፌሩ ጥያቄውን ተርጉሞ ሳይጨርስ ለበያጁ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። «ወንድሟ ነው በላት።»

«ምን?» አለች ሚስቱ።

«የአባታችሁ ስም አንድ አይደል? ወንድም ነዋ። ‹እህቴ› ሲልሽ አይደል የሚውለው?»

ወንድም የማይናድ ግንብ ነው። አንድ ጊዜ ባንክ ካወቀው ማን ያፈርሰዋል? በያጁ በዚህ ሐሳቡ በጣም ተደሰተ፤ ሹፌሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሟ ከሆንኩ ዘመድ ነኝ። ዘመድ ምስክር አይሆንም።»

«ሌላ ምስክር እናመጣለና።»

«ከየት?» አለች ሚስቱ። «ያንተ ጓደኞች ሁሉ ዓምና የመጡ ናቸው። የምሠራላት የጥርስ ሐኪም ስሜን እንኳ አታውቀውም፣ ‹አንቺ› ነው የምትለኝ። ካልሆነ ተወው፣ በእኔ ሒሳብ ስምህን እናስጨምር።»

ትርፍ ሰው። ያ ቃል እንደገና መጣበት። ሠራተኛዋ እንደገና ጠየቀች፣ ሹፌሩም ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ ተረጎመ፦ «ዘመድ ካልሆነ ምናችሁ ነው ትላለች። ቃሉን እናንተ ንገሩኝ፤ ስለ ራሴ ነውና እኔ ባልመርጥ ይሻላል።»

«ወዳጃችን በላት» አለች ሚስቱ።

«ወዳጅ አይሆንም» አለ በያጁ።

«ምን አለበት?»

«‹ወዳጅ አላት› ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

«እሺ፣ ጓደኛዬ ልበል?»

«እሱማ የባሰ ነው።»

«ባልንጀራስ?»

«ባል የሚል አለበት።»

ሹፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ክራባቱን ማስተካከል ጀመረ። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አንስታ ትጠብቃለች፤ ስለ ወለድ የሚከራከሩ መስሏት ሳይሆን አይቀርም። ሚስቱ ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሒሳብ የምትከፍተው ከእኔ ጋር ነው ወይስ በእሱ ላይ?»

በያጁ መልሱን ያውቀዋል። ያን ሁሉ ባንክ የዞረው፣ ያን ሁሉ ምንዛሬ ያጠናው፣ በሹፌሩ ላይ ነበር። አሁን ሹፌሩ «አላውቃቸውም» ብሎ ቢወጣ፣ በያጁ በወረቀት ቤት የሌለው ብቻ ሳይሆን ሚስትም የሌለው ሰው ነው። ሹፌሩ የግድግዳውን ሰዓት አየት አደረገ፤ ዕረፍቱ እያለቀ ነው። ግን አልተነሳም።

«ጓደኛ በላት» አለ በያጁ። «ግን የእኔ። የእሷ አይደለም። የእኔ ጓደኛ ነው በላት።»

ሹፌሩ ቀና ብሎ አየው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ። ተርጉም።»

ሹፌሩ ተረጎመ፤ ድምፁ ትንሽ ተሰናክሎ ነበር። ሠራተኛዋ ጻፈች። በመጀመሪያ ሚስቱ፣ ቀጥሎ በያጁ፣ ከታች ደግሞ ሹፌሩ ፈረሙ። በያጁ የሹፌሩ ፊርማ ከሚስቱ ፊርማ ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይኑ ለካው፤ መሃል ላይ የእሱ አለ። በቃው።

ውጭ ሲወጡ ሹፌሩ ለመሮጥ ቸኩሏል። የበያጁን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «እንግዲህ ጓደኛ ከሆንን፣ እሑድ ኳስ አብረን እናያለን። መጥቼ እወስድሃለሁ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። «እሺ» አለ በያጁ።

ሹፌሩ መንገዱን ተሻግሮ ሮጠ። ባልና ሚስት በአትክልት ገበያው በኩል ጎን ለጎን ሄዱ። በያጁ የሒሳቡን ወረቀት በደረት ኪሱ ይዟል፤ በየጥቂት እርምጃው በእጁ ይነካዋል። አንድም ባንክ፣ አንድም ሰው ከእንግዲህ ትርፍ አይለውም። ሚስቱ እየሄደች ወደ ኋላ ዞር አለች።

«እኔን እኮ ሳይሰናበተኝ ሄደ» አለች።

በያጁ ሳቅ አለ። ጥቂት እንደተራመዱ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እጁ ኪሱ ላይ እንዳለ፣ እሱ ባይሰናበታትስ ምን እንደጎደለባት እያሰላሰለ ቤት ደረሰ።