ልጅቷ አፏን የፈታች ቀን

ጠራዧ እያልን ነበር የምንጠራት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቤተ መጻሕፍታችን ምድር ቤት ውስጥ የተገነጣጠሉ መጻሕፍት ስትሰፋ፣ ጀርባቸውን በመዶሻ ስትቀጠቅጥ፣ ጠርዛቸውን በቢላዋ ስትከረክም ከሰው ጋር ብዙም አታወራም ነበር። የጥረዛ ክፍሉ ሲዘጋ ያላት ምርጫ ሁለት ብቻ ሆነ፤ ወይ መሰናበት፣ ወይ ሕፃናት ክፍል ገብታ ለጨቅላዎች ተረት መንገር። ሁለተኛውን መረጠች። እኔ ውሰት መስጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁባት። ጅብ ለሞግዚትነት የተቀጠረ መሰለኝ።

ለምን እንደመረጠችው ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ልጇ ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆናትም አንድ ቃል አልወጣትም። ሐኪሙ ጆሮዋም ምላሷም ደህና ነው ብሏል።

"እትዬ፣ እኛ ቤት ድምፅ ያወጣ ይመታል። ልጄ ይሄ ገብቷታል" አለችኝ፣ የጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው።

ባሏ አናጢ ነው። የእጁን ሥራ በየሳምንቱ ፊቷ ላይ እናየው ነበር። "በር መታኝ" ትለናለች፤ እኛም አምነናት ሳይሆን ስለሚመቸን ዝም እንላለን። ሕፃናት ክፍል ግን ልጇን ይዛ መምጣት ተፈቀደላት። ልጄ አፏን የምትፈታው እዚህ ነው ብላ ቆረጠች።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። አሥራ አንድ ሕፃናት ከነእናቶቻቸው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ቆማ፣ መጽሐፉን እንደ ዱላ ጨብጣ "ዝም በሉ!" ብላ አምባረቀች። ሁሉም ባንዴ እሪ አሉ። አንዱ ጎረምሳ፣ ገና ጥርስ ያላበቀለ፣ ልታባብለው ጎንበስ ስትል ፀጉሯን ሊይዝ እጁን ቢሰነዝር ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፍና ኩምትር አለች። እናቶቹ ተያዩ።

የክፍሉ ኃላፊ ደግነቱ ታጋሽ ናት። "ተቀመጪ፣ ከእነሱ በላይ አትሁኚ" አለቻት። "ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ሲያለቅሱ አትጣዪያቸው፣ እያወሩሽ ነው። ከሁሉም በላይ ድገሚ። አንድ ነገር ከወደዱልሽ አሥሬ ድገሚ።"

ተማረች። በተረቱ ውስጥ ያለው ዝሆን ሲወድቅ ራሷ ምንጣፉ ላይ ባነጠፈችው ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ትዘረጋና "ዱብ!" ትላለች። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ "ድገሚ! ድገሚ!" ይላሉ፤ መናገር ያልቻሉት ያጨበጭባሉ። ትነሳለች፣ እንደገና ትወድቃለች። ጎኗን ተደብድባ ባደረችበት ቀን ስትወድቅ ከንፈሯን ስትነክስ አይቻታለሁ። ልጇ ጥግ ይዛ አፏን ገጥማ ታያለች።

በስድስተኛው ሳምንት ባሏ መጣ። ሚስትህ ሰው ፊት ስትንከባለል ትውላለች ብለው ነግረውታል። "የት ናት?" አለኝ። በእጄ አሳየሁት። ይህቺን እጄን እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

ሲደርስ ፍራሹ ላይ ወድቃ ነበር። በፀጉሯ ጎትቶ አነሳትና በቡጢ ፊቷን አላት። ወደቀች።

ልጆቹ ሳቁ። "ድገሚ!" ብለው ጮኹ። ምን ያውቃሉ፣ እሷው ናት ያስተማረቻቸው። እናቶቹ ደርቀው ቀሩ። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ ለአንድ አፍታ የተረቱ አካል መስሎኝ ነበር።

ያኔ ከጥጉ ሰምተነው የማናውቀው ቀጭን ድምፅ ወጣ።

"ድገም!"

ድገሚ አላለችም። ሌሎቹ ለእናቷ ሲጮኹ የልጅቷ ዓይን ያረፈው አባቷ ላይ ነበር። ማን እንደሚመታ፣ ማን እንደምትወድቅ ለይታ ታውቃለች።

እሱም ደገመ። የፊት ጥርሷ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ጠራዧን ያ ሁለተኛው ቡጢ የተሰማት አይመስለኝም። ልጇን አየት አደረገቻት። ከዚያ ተነሳች፣ ተረት ስትነግር የምትቀመጥበትን የእንጨት በርጩማ በሁለት እጇ አንስታ ፊቱ ላይ ሰበረችው። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማኝ። ደሙ ሥዕል ያላቸው መጻሕፍት ላይ ተረጨ፣ እሱም በጉልበቱ ተንበረከከ። በእጇ የቀረውን የበርጩማ እግር ደግማ ስታነሳ ሕፃናቱ መሳቅ ትተው ነበር፤ ልጇም ጭምር እሪ እያለች ነው። የበርጩማውን እግር ጣለችውና ልጇን አቀፈች።

ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ቃል ተቀባዩ የጻፈውን አነበበላት። "...በዚህ ጊዜ ሕፃን ልጄ 'ድገሚ' አለች..."

"ድገም ነው ያለችው" አለችው፣ ባበጠ ከንፈሯ።

"ምን ለውጥ አለው እህቴ? የልጅ አፍ ነው። ደግሞ ባልና ሚስት ናችሁ፣ ነገ ትታረቃላችሁ።"

ጠራዧ ልጇን ጭኗ ላይ አመቻቸቻት።

"ልጄ አፏን የፈታችው እኔን ለማስመታት ነው" አለች። "ሁለተኛውን ቃል እዚያ ቤት አትማረውም። አስተካክለህ ጻፍልኝ።"

ፖሊሱ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሰርዞ ጻፈ።