ዳንቴል የለበሱ ኮምፒውተሮች

የሆስፒታል የኮምፒውተር እቅድ የሚከሽፈው በገንዘብ እጥረት ነው ይባላል። አይደለም። እኔ የእቅድ ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት፣ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ገንዘቡ ነበር። እኔም ነበርኩ።

እቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መግቢያው ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ዛሬም ሳነበው ደስ ይለኛል። ኮምፒውተሮቹን ግን እንደ ድግስ ሥጋ በማዕረግ አከፋፈልኳቸው፤ መጀመሪያ ለሥራ አስኪያጁ፣ ቀጥሎ ለሐኪሞቹ፣ ከዚያ ለየክፍሉ ኃላፊዎች። ለካርድ ክፍል «በሁለተኛው ምዕራፍ» አልኩ። ኃላፊዎቹ በክብር ተቀበሏቸው፤ ዳንቴልም አለበሷቸው። ከደሴ ዙሪያ ማለዳ ተነስተው የመጡ ሕመምተኞች ደግሞ ካርዳቸው እስኪፈለግ እስከ ቀትር መስኮቱ ሥር ይቆሙ ነበር።

ለዓመታት አንድ ጠረጴዛ የተጋራን ባልደረባዬ በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ ወዳለ ሆስፒታል ተዛውራ የእነሱን እቅድ ጻፈች። አራት ገጽ፣ በእስክሪብቶ። ከመጻፏ በፊት ሳምንት ሙሉ ካርድ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀምጣ ነበር አሉ። ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ በየስብሰባው የሚነሳው የእሷ አራት ገጽ ሆነ፤ ያኔ ሳቄ ቆመ።

ሥራ አስኪያጃችን አስጠሩኝና «ኮምቦልቻ ውረድና ልምድ ቅሰም። ይበጀናል ካልክ የቀረውን ገንዘብ በእሷ መንገድ ለካርድ ክፍል እናውለዋለን» አሉኝ።

ከእሷ ልምድ ልቅሰም። ሪፖርት አጻጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መብራት እንዲጠፋባቸው ተመኘሁ፤ ጸለይኩ ብል ይቀላል።

ጸሎቴ ሰመረ። ገና ካርድ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ከማለቴ መብራት ሄደ። ካርድ ክፍሉን የያዙት ሽማግሌ ግን ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ አላሉም። በእቅዷ ላይ አንደኛ ያሰፈረችው ባትሪ ነበር፤ ሁለተኛ የእኒህን ሰው ሥልጠና። ኮምፒውተሩ ሦስተኛ ነው የመጣው።

«አላስቸገረዎትም?» አልኳቸው፣ ቢያማርሩልኝ ብዬ።

«ወላሂ፣ ጡረታዬን ቀን እየቆጠርኩ ነበር የምጠብቀው። አሁን ወንበሩ ጣመኝ» አሉኝ። ይህን እየነገሩኝ የአንዲት እናት ካርድ አገኙ።

ባልደረባዬ ሻይ አስመጣችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። «ኮምፒውተሮቻችሁን ዳንቴል አለበሷቸው አሉ፣ እውነት ነው?»

«ለአቧራ ነው።»

«ይሁን። ደሴ ብርድ ነው፣ ጋቢም ደርቡላቸው።»

ሽማግሌው ሳቁ። መስኮቱ ላይ የቆመችው እናትም ሳቀች። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ወደ ደሴ ስመለስ ሪፖርቱን ሚኒባስ ውስጥ በጭንቅላቴ ጨርሼው ነበር፤ «የኮምቦልቻው አሠራር ከእኛ ተጨባጭ ሁኔታ ጋር አይጣጣምም።» ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው «ተጨባጭ ሁኔታ» ስንቱን ጉድ እንደሚሸፍን ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ አመኑኝ፤ በቀረው ገንዘብ ለስብሰባ አዳራሹ ትልቅ ስክሪን ተገዛ። ካርድ ክፍሉ እኔ ሥራ እስክለቅ ድረስ በወረቀት ነበር፤ ወረፋውም እንደዚያው። ቅናት ባለቤቱን ይበላል ይላሉ። የእኔ እኔን ትቶ መስኮቱ ሥር የቆሙትን በላ።

እሷ በኋላ ስልክ ደውላ «ሪፖርቱ እንዴት ሆነ?» ብላኝ ነበር። «እየታየ ነው» አልኳት። እስካሁን የእሷን አራት ገጽ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አንድም የሚሰረዝ ቃል አላገኘሁበትም፤ ፈልጌ ነበር።

ባለፈው ወር እዚሁ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር ዘመዴ ኮምቦልቻ ታክማ ተመለሰች። ልጠይቃት ብሄድ ከሕመሟ በፊት ካርዷ እንዴት ቶሎ እንደተገኘ ልታወራኝ ጀመረች። ስለ ዝናቡ አነሳሁባት።

እርስዎም እዚያ ታክመው ከሆነ እግዜር ይማርዎት። ካርዱ በስንት ደቂቃ እንደተገኘ ግን አይንገሩኝ።