ነጠላ የሌለው ምእመን

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቄስ ቂም መያዝ እንደማይገባው አውቃለሁ፤ ለሌላውም የምነግረው ይህንኑ ነው። ግን ቂም ሌላ፣ ቁጣ ሌላ። በዚያ በጥቅምት ቀን የተቆጣሁት ቁጣ እስካሁን አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም ጸልዬ አላውቅም።

የማገለግልበት ደብር ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሰሊጥ እርሻዎች መካከል ያለ ነው። ምእመናኑ ራሳቸው ወይም አባቶቻቸው ከደጋ ወርደው፣ ጫካ መንጥረው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔም ከወገራ የመጣሁ ነኝ። ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሰሜን በጭነት መኪና የሚመጡ የቀን ሠራተኞች አገሩን ይሞሉታል። እኛ ዘንድ ሳሉግ ይባላሉ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ራሱ ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሳሉጎቹ እንዳጎነበሱ ይውላሉ፣ እዚያው እርሻው ዳር በሣር ዳስ ያድራሉ። ወባም እዚያው ያገኛቸዋል።

በዚያ ቀን፣ ቀትር አለፍ እንዳለ፣ አራት ሳሉጎች ከደጀ ሰላሙ ፊት ደረሱ። ጆንያ ቀደው በሁለት አጣና ላይ ባሰሩት ቃሬዛ የጓደኛቸውን ሬሳ ተሸክመዋል። ሟቹ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ የጎጃም ሰው ነው። አራት ቀን ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ በማለዳ እንደሞተባቸው ነገሩኝ። የእርሻው ካቦ ትራክተሩ ከሰሊጥ በቀር ሌላ እንደማይጭን ነግሯቸው፣ እዚያው ማሳው ጥግ እንዲቀብሩት አዝዟቸው ነበር። እምቢ ብለው ሥራቸውን ጥለው፣ በዚያ ሐሩር በእግራቸው ይዘውት መጡ። ክርስቲያን ነው፣ እንደ ከብት ጥለነው አንሄድም አሉ።

ወዲያው የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ከሁለት አባላት ጋር ደረሰ። አገር የሚያከብረው ሽማግሌ ነው። ሬሳው የተሸፈነበትን ገለጥ አድርጎ አንገቱን አየና ማተብ እንደሌለው ተናገረ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ማተቡ በላብ በስብሶ በሥራ ላይ እንደተበጠሰ አስረዳው። ሽማግሌው የንስሐ አባቱን ጠየቀ፤ የሚያውቅ የለም። ዘመድ ጠየቀ፤ ጎጃም ነው ያለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መምሬ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከአባቶቻችን አፅም አጠገብ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ፣ ከወንዙ ዳር ይቀበር። ነገ የማንም እየመጣ ግቢያችንን ቢሞላውስ?»

እዚህ ላይ የራሴን ነውር ልናገር። ያን ጊዜ በሩን ራሴ መክፈት ነበረብኝ። ግን ፈራሁ። ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው፤ ቤቴን የሠሩልኝ እነሱ ናቸው። የበላይ አባቶችን በስልክ ልጠይቅ ብዬ ነገሩን አቆየሁት። ኔትዎርክ የለም። አንዴ ወደ ጉብታው፣ አንዴ ወደ መንገዱ እያልኩ ስልኬን ወደ ላይ ስዘረጋ ሬሳው ከኒም ዛፍ ሥር ቆየ። የቆላ ፀሐይ ደግሞ ሬሳ አያቆይም። ጓደኞቹ ዝንቡን በቅጠል ይከላከላሉ።

ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እኮ አንድ ባለጸጋ ቀብረን ነበር። ለጥምቀት ብቻ ብቅ የሚል፣ የንስሐ አባት እንደሌለው አገር የሚያውቀው ሰው ነው። ለእሱ ድንኳን ተተከለ፤ ድምፅ ማጉያ ተከራዩ፤ ሰባት ካህናት ቆመን ጸለይን። ያን ዕለት አንገቱን ገልጦ ያየ የለም። እኔም አላየሁም።

እንዲህ ስንል፣ መንገድ ዳር ዳስ ጥላ ለሳሉጎች ምግብ የምትሸጥ ሴት መርዶውን ሰምታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ሬሳውን አይታ አለቀሰች። ከዚያ የምንከራከርበትን ስትሰማ እንባዋን ጠርጋ ቀረበችኝ። ይህ ሰው በክረምት ለአረም ከመጣ ጀምሮ ሥራ በሌለበት እሑድ ሁሉ ለቅዳሴ ይመጣ እንደነበር ነገረችኝ። አይቼው እንደማላውቅ ነገርኳት።

«እንዴት ያዩታል?» አለችኝ። «ከአጥሩ ውጭ ነበር የሚቆመው። ነጭ ሳትለብሱ ቤተ ክርስቲያን አትግቡ ብለው የሰበኩት እርስዎ አይደሉም? ያለችው አንዲት ሸሚዝ ናት፤ እሷም አፈርና ላብ የጠጣች። እንዲህ ሆኜ ቅዱሱን ቦታ አላረክስም ይለኝ ነበር።»

አዎ፣ ሰብኬዋለሁ። በፍልሰታ ነው። የከተማ ልብስ ለብሰው የሚመጡትን ወጣቶች ለመገሠጽ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ደስ አላቸው። ነጠላ ባህላችን ነው፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ግቢውን ሲሞላው እኔም ደስ ይለኛል። ግን ባህል መቼ ነው የበር ጠባቂ የሆነው? ማን ሾመው? እኔ ነኝ የሾምኩት። ክርስቶስ የተሰቀለው ልብሱን ተገፎ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁ፤ ለካ አንብቤው አላውቅም።

ሽማግሌው የሴትዮዋ ምስክርነት እንደማይበቃ መናገር ጀመረ። አላስጨረስኩትም። ሽማግሌው ራሱ፣ ዛሬ ብዙ ሰሊጥ የሚያመርተው፣ ከደጋ የወረደው በአንድ ቁምጣና በአንድ ማጭድ እንደሆነ፣ የሰው ማሳ ሲያጭድ እንደኖረ ስንት ጊዜ አጫውቶኛል።

«አንቱ ሲመጡ ማን ነበር የሚያውቅዎት?» አልኩት። «ያኔ ወባ ገድሎዎት ቢሆን የት እንቀብርዎ ነበር? ከወንዙ ዳር?»

በሕዝብ ፊት እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። መሬት መሬት አየ። ኃላፊነቱ የእኔ እንደሆነ ብቻ ተናግሮ፣ መስቀል ሳይሳለም ሄደ። ሁለቱም አባላት ተከተሉት።

በሩን ከፈትኩ። ጓደኞቹ ከግቢው ውኃ ቀድተው አጠቡት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠች፤ በእሷ ገነዝነው። በሕይወቱ ያጣትን ነጠላ ሞቶ አገኛት፤ ይህም አናደደኝ እንጂ አላጽናናኝም። ከአራቱ አንዱ፣ የወሎ ሰው፣ ዶማ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አባ፣ እኔ እስላም ነኝ። ገብቼ ብቆፍር ያስከፋል?» አለኝ።

«ግባ» አልኩት።

ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከሁሉም በላይ የቆፈረው እሱ ነው፤ መዳፉ እስኪደማ። ከአንድ ዲያቆን ጋር ሆነን ፍትሐቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳናሳጥር አደረስን።

ቤተሰቡን ያገኙት ከጓደኞቹ በአንዱ ስልክ ነው። በአርባው እናቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር መጡ። በአውቶቡስ ሁለት ቀን መጥተው እግራቸው አብጧል። መቃብሩ ላይ አልቅሰው ሲጨርሱ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስብከቴንም፣ ፍርሃቴንም። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር።

«ከውጭ ሆኖ ቅዳሴው ይሰማው ነበር?» ሲሉ እናቱ ጠየቁኝ።

እንደሚሰማ ነገርኳቸው።

«እንኳን ሰማ» አሉና መስቀሌን ተሳለሙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳሉጎቹ በለበሱት ልብስ እንዲገቡ አውጄአለሁ። ገብተው ከኋላ ይቆማሉ። የላብና የአፈር ሽታ ይዘው መጡ ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፤ በየቤታቸው የሚበሉት ግን የእነዚያኑ ላብ ነው። ሽማግሌው እስከ ፋሲካ ድረስ ራቀኝ። በፋሲካ ማግሥት መጥቶ መስቀል ተሳለመ። ስለዚያ ቀን ግን እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ።

እኔም አርጅቻለሁ። ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ አንድ ጊዜ አፋፍ አድርሶ መልሶኛል፤ ጣፊያዬ አብጦ፣ ሥጋዬ አልቆ፣ ለሞት ተዘጋጅቼ ነበር። ያኔ የምጨነቀው ስለ ነፍሴ ሳይሆን ቀብሬ ላይ ማን ማን ይገኛል እያልኩ እንደነበር ሳስታውስ አፍራለሁ። ለባለቤቴ ከካህናቱ መካነ መቃብር ሳይሆን ከዚያ ሳሉግ አጠገብ እንድታስቀብረኝ ነግሬአታለሁ። ተቆጥታ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ጉባኤው ደግሞ የንስሐ አባቱ ያልታወቀ ሰው በግቢው እንዳይቀበር የሚል ቃለ ጉባኤ ጽፎ አምጥቶልኛል። እንድፈርም በየወሩ ይጠይቁኛል። አልፈረምኩም። ወደፊትም አልፈርምም። ሰሊጡ ዘንድሮም ደርሷል፤ መኪኖቹም ሰው ጭነው ወደ ቆላ መውረድ ጀምረዋል።