ዋጋ ያልተጠራለት ጉድጓድ

አቶ ጣዲቻን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ። ሰው ደግ ሲሆን ደስ ይላል፤ ደግነቱ ከሚኖርበት ቤት ሲያስወጣው ግን ምን ይባላል? ነገሌ ላይ አጥራችን የተያያዘ ጎረቤታሞች ነበርን። እኔ አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚያው የወለደኝ ነኝ፤ እሳቸው ከአሬሮ በኩል የመጡ ቦረና። ልጃቸው ጃታኒ ከልጆቼ ጋር አንድ ትሪ ላይ በልቶ ያደገ ነውና ስለሳቸው ለመናገር የማንም ፈቃድ አያሻኝም።

ከተማ የገቡት በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጀመሪያ ነው። ከብቶቻቸው በበሽታ ሲያልቁባቸው፣ የተረፉላቸውን ጥቂት በሬዎችና ላሞች እየነዱ ከሚስታቸው ከዲንኪቱ ጋር መጡ። የሃምሳ አለቃ ገብረወልድን ቤት ከነሰፊ ግቢው ተከራዩና ለከብት ነጋዴዎች ማደሪያ ከፈቱ። ከፊልቱም ሆነ ከአሬሮ ከብት እየነዳ የሚመጣ ሰው ከብቱን በረት ያስገባል፣ ሻይና ወተት ይጠጣል፣ ቁርበት ላይ ጋደም ይላል፣ ሲነጋ ገበያ ይወጣል። ዲንኪቱ ስኳር የማይሰስቱ ሴት ስለነበሩ ነጋዴው ሁሉ ሌላ ቤት አያውቅም ነበር።

ችግሩ ውሃ ነው። ለእኛ ለሰዎቹ ከሩቅ በአህያ እየተጫነ ይመጣልን ነበር። መንገድ ላይ የሰነበተ የከብት መንጋ ግን በአህያ ጭነት አይረካም። አቶ ጣዲቻ አከራያቸው ዘንድ ሄደው፣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ላስቆፍር አሉ። ሃምሳ አለቃ ሳቁ።

«እዚህ ድንጋይ ላይ? ውሃ ካገኘህ እኔው ራሴ በሬ አርድልሃለሁ» አሉ።

ከአሬሮ ዘመድ ተጠርቶ መጣ። ቆፋሪውን የሚመግበው አስቆፋሪው ነውና አቶ ጣዲቻ በሬዎቻቸውን አንድ በአንድ አረዱ። የመጨረሻው ሲታረድ ዲንኪቱ ጓዳ ገብተው አለቀሱ፤ ያባበልኳቸው እኔ ነኝ። ድንጋዩ መሣሪያ ሰበረ፣ የአንድ ጎበዝ እግር ሰበረ፣ ቆፋሪው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ውሃው ወጣ። ሃምሳ አለቃ መጥተው ጠጡ፤ ይጣፍጣል ብለውም አመሰገኑ። የበሬውን ነገር ግን አላነሱትም፤ ማንም አላስታወሳቸውም።

በቦረና ወግ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው አባ ኮንፊ ይባላል። ውሃውን አይሸጥም፣ የተጠማን አይከለክልም። ነገር ግን የሚቀዳ ሁሉ እሱን ይጠይቃል፤ ደለል ለመጥረግ እንኳ ያለ እሱ ቃል ወደ ውስጥ የሚወርድ የለም። መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ ይህ አይለወጥም። አቶ ጣዲቻ ይህን ለማንም አስረድተው አያውቁም። የሚያስረዱት ነገር መሆኑም አልታያቸውም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው የሚመስላቸው።

ኪራዩ በየዓመቱ መስከረም ላይ በሽማግሌዎች ፊት ይታደስ ነበር። ብዙ ዓመት ያለ አንዳች ክፉ ቃል ታደሰ። ኋላ አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ ገበያ መሐል ሲያልፉ ሁለት ነጋዴዎች «ኤላ ጣዲቻ እንገናኝ» ሲባባሉ ሰሙ። የጣዲቻ ጉድጓድ ጋ እንገናኝ ማለታቸው ነው፤ የቀጠሮ ቦታ መጥራታቸው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ሃምሳ አለቃ ግን እንቅልፍ አጡ። ቦታውን ያገኙት ስለዘመቱ ተመርቶላቸው ነው። ከዚያ በፊት የማን ከብት ይግጥበት እንደነበር ጠይቀው አያውቁም። መሬት እንዲህ በቀላሉ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ያየ ሰው፣ በግቢው ላይ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ መደንገጡ አይገርመኝም።

በዚያው ዓመት መስከረም ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ፣ «ጣዲቻ፣ ዘንድሮ ውሉን አላድስም» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ጉድጓዱ የማነው?»

«የእኔ።»

«በእኔ ግቢ?»

«ግቢው የእርስዎ፣ ቤቱም የእርስዎ። ኤላው የእኔ።»

ሃምሳ አለቃ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «ሰማችሁ አይደል!» አሉና ተነሡ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዲንኪቱ ብቻዬን አልችለውም ስላሉኝ አብሬያቸው ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዳኛው ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። ሁለቱንም ሰሙና እንዲህ አሉ፦

«ውሉ ካለቀ አከራዩ አላድስም ማለት ይችላሉ። አንተ ደግሞ ባለቤቱ እያዩ፣ ደስ ብሏቸው፣ ጉድጓድ አስቆፍረሃል። ያወጣኸውን ገምተህ ንገረኝ። እሱን እስኪከፍሉህ ድረስ ከቤቱ አትነሣም።»

ዲንኪቱ እጄን ጨበጡኝ። ሃምሳ አለቃ ከጡረታቸው ሌላ ገቢ እንደሌላቸው ከተማው ሁሉ ያውቃል። የእነዚያን ሁሉ በሬዎች ዋጋ ከየት ያመጡታል? አቶ ጣዲቻ አንድ ዋጋ ቢጠሩ፣ የፈለጉትን ቢጠሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው መኖራቸው ነው።

«ጌታዬ፣ ቢሻን ሂንጉርጉራን» አሉ አቶ ጣዲቻ። «ውሃ አይሸጥም።»

«ውሃውን ሽጥ አላልኩህም። የድካምህን ነው የምጠይቅህ፣ ያረድካቸውን በሬዎች።»

«በሬዎቹም እዚያው ውሃው ውስጥ ናቸው። ዋጋ ከጠራሁለት ይከፍሉኛል፣ ከዚያ የእኔ መሆኑ ይቀራል። የተጠማ ሰው ሲመጣ ማንን ይጠይቃል?»

ዳኛው ደጋግመው ለመኗቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ እኚህ ሰው በገዛ እጃቸው ምን እያደረጉ ነው ብዬ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ካሹ በኋላ፣ ተከራዩ የሚጠይቀው ካሳ የለም ብለው ቤቱን እንዲለቁ ወሰኑ።

ስንመለስ ዲንኪቱ መንገድ ላይ ቆሙ። «በሬዎቹን አረድክ፣ ዝም አልኩ። አሁን ቤቴንም ለዚያ ጉድጓድ አረድክለት» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ዲንኪቱ ሲስቁ አላየሁም።

ወደ አሬሮ በሄዱበት ጠዋት አቶ ጣዲቻ ለሃምሳ አለቃ የነገሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለተጠማ አይከልክሉ።» ሃምሳ አለቃ ግን በሳምንቱ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከድነው ቆለፉበት። ነጋዴዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ዞሩ። አዲስ ተከራይ ገባ፣ ወጣ፤ ሌላም ገባ፣ ወጣ። ዝናም በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈር እየጠረገ ሲያስገባበት ውሃው ወደ ጭቃነት ተለወጠ። ጠራጊ ሲፈለግ የመጣው ቦረና ሁሉ፣ «አባ ኮንፊው ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቅና መልስ ሲያጣ ይሄዳል። ከቦሬ አንድ ደገኛ አስመጡ፤ እሱም አንገቱን አስግጎ ጥልቀቱን ሲያይ ፈርቶ ተመለሰ።

የድርቁ ዓመት ሲመጣ ሃምሳ አለቃ አጥሬ ላይ ቆመው፣ «ቋንቋውን ታውቂው የለ፣ አሬሮ ድረስ አብረሽኝ ሂጂ» አሉኝ። በጭነት መኪና ሄድን። አቶ ጣዲቻን በልጃቸው በጃታኒ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ በጣም ከስተዋል።

«ናጋ?» አሉን፣ ሰላም ናችሁ ሲሉ። «ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ኤላው ናጋ?»

ሃምሳ አለቃ አቀረቀሩ። «ደለል ሞልቶታል። የሚወርድ ሰው አጣሁ። እንዲፈቅዱልኝ ልለምን መጣሁ።»

«እኔ የፈለግኩት ይህን ነበር» አሉ አቶ ጣዲቻ። «ይጠይቁኝ፣ ሌላ አላልኩም።»

«ይህን ብቻ?»

«ሌላ ምን አለ?»

ሃምሳ አለቃ ቀጠሉ። «ቤቱ ባዶ ነው። ከዲንኪቱ ጋር ተመለሱ። ኪራይ የሚባል ነገር አላነሣም።»

«ዲንኪቱ ባለፈው በጋ ሞተች» አሉ አቶ ጣዲቻ። «ውሃው ከዚህ ሩቅ ነው። ተሸክማ ስትመጣ መንገድ ላይ ወደቀች።»

አልቅሼ አልወጣልኝም። አቶ ጣዲቻ ጃታኒን ጠርተው፣ ጎበዛዝት ይዞ ሄዶ ኤላውን እንዲጠርግ ቃላቸውን ሰጡት። እሳቸው ግን አልመጡም፤ ብንለምናቸውም እንቢ አሉ።

ጎበዛዝቱ እየዘፈኑ ወርደው ጭቃውን አወጡት፤ ውሃው እንደገና ጠራ። ያን ዕለት ሃምሳ አለቃ ድሮ ቃል የገቡትን በሬ አረዱ። ሥጋው ሲከፋፈል የእኔን ድርሻ ይዤ ዲንኪቱ ያለቀሱባት ጓዳ በር ላይ ቆምኩ። መብላት አልቻልኩም።